ከባጃጅ መልስ የሚጀመር የሳንቲም ስብስብ

ደሴ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍራችሁ የሃምሳ ሳንቲም መልስ ብትጠብቁ ሹፌሩ በመስታወቱ አጮልቆ ያያችኋል። ባለሱቁም ቢሆን ለሽርፍራፊው ማስቲካ ይወረውርላችኋል እንጂ ስሙኒ አይቆጥርም። አንድ ብሩ ሳንቲም አሁንም ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ታናናሾቹ ግን ከገበያው ርቀዋል። ይህ ለሰብሳቢ መጥፎ ወሬ አይደለም። የማይገበያዩበት ሳንቲም የትም አልሄደም፤ ኒዶ ጣሳ ውስጥ፣ በልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁምሳጥኑ ሥር ተኝቷል። ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። «ይህ ሳንቲም ያለው ሚሊየነር ይሆናል» የሚል ቪዲዮ በስልካችሁ ደርሶ ከሆነ እርሱት። በእጃችን ያሉት የ1969 ሳንቲሞች በብዛት የተቀረጹ ናቸው፤ ቤት አያሠሩም። «እገዛችኋለሁ፣ መጀመሪያ ግን የምዝገባ ክፍያ ላኩ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው።

መጀመሪያ ጣሳውን ገልብጡ

ቡና ከተጠጣ በኋላ ትሪውን አጥባችሁ አድርቁትና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፉበት። ጨርቁ ለወግ አይደለም፤ ሳንቲም ሲወድቅ ጠርዙ ይጎዳል። በቤት ያለውን ሳንቲም ሁሉ ገልብጣችሁ በዓይነት ክፈሉት።

በብዛት የምታገኙት ከደርግ ዘመን ጀምሮ መልኩን ያልቀየረው ቤተሰብ ነው። በአንድ ወገን የሚያገሳ የአንበሳ ራስ አለ። በሌላው ወገን አምስት ሳንቲሙ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ አስር ሳንቲሙ የደጋ አጋዘን፣ ሃያ አምስቱ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ወንድና ሴት፣ ሃምሳው ደግሞ የሕዝብ ስብስብ ይዘዋል። አምስትና አስር ቢጫ ናቸው፤ ስሙኒና ሽልንግ ነጭ። አስሩ ከስሙኒው በስፋት እንደሚበልጥ ልብ ያላሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩት። ከ2002 ጀምሮ የመጣው አንድ ብር ባለ ሁለት ቀለም ሲሆን ሚዛን ተቀርጾበታል።

አንድ የጎደለ አለ፦ አንድ ሳንቲም። በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ ያለበት፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ፣ እፍ ብትሉት የሚበር የሚመስል ነገር ነው። በጣሳችሁ ውስጥ ከተገኘ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ በክብደቱ ቀላልነት የተነሳ አዝራር መስሏቸው የጣሉት ብዙ ናቸው። እኔ የመጀመሪያዬን ያገኘሁት ከአንድ ልብስ ሰፊ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው «ቀዳዳ የሌለው አዝራር ምን ይሠራልሃል» ብሎ በነጻ ሰጠኝ።

ከዚያ ቀኑን አንብቡ

ብዙ ጀማሪ እዚህ ይሰናከላል። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ የግእዝ ቁጥር ያነባል ማለት አይደለም፤ እኔም ከቀን መቁጠሪያው በቀር ትዝ አይለኝም ነበር። ነገር ግን አንዴ ከገባችሁ በአማርኛ እንደምንናገረው ነው የሚነበበው። ዜሮ የለውም።

የሚያስፈልጋችሁ መቶ (፻)፣ አስሮቹ (፲ ፳ ፴ ፵ ፶ ፷ ፸ ፹ ፺) እና ከአንድ እስከ ዘጠኝ (፩ ፪ ፫ ፬ ፭ ፮ ፯ ፰ ፱) ናቸው። ፲፱፻፷፱ የሚለውን ከግራ ወደ ቀኝ ሂዱበት፦ አስር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ስድሳ፣ ዘጠኝ። «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኝ» አላችሁ ማለት ነው፤ 1969። ፲፱፻፴፮ ካላችሁ 1936 ነው፤ የጃንሆይ ዘመን። ፳፻ «ሃያ መቶ» ነው፤ 2000። ቀደምቶቹ አንድ ብሮች ላይ ያለው ፳፻፪ ደግሞ 2002።

የሚያሳስቱት ተመሳሳዮቹ ናቸው። ፷ና ፯ ሳንቲሙ ሲበላ ይምታታሉ፤ ፺ና ፸ም እንዲሁ። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትመኑ፤ የስልካችሁን ካሜራ አጉልታችሁ፣ ሳንቲሙን ከመስኮቱ በጎን በሚገባ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ያዙት። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ጽሑፉን ይደፍነዋል፤ የጎን ብርሃን ግን ጥላ ስለሚሠራ የሞተ የሚመስለው ቁጥር ይነሳል። ጠዋት ከጦሳ ተራራ በኩል ጉሙ ሲገለጥ ያለው ብርሃን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል።

ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ። ከውጭ አገር ሰብሳቢ ጋር የምትጻጻፉ ከሆነ 1969 ስትሉት እሱ የሚያስበው ሌላ ዓመት ነው።

ማግኔት ፈልጉ

የራዲዮ ጥገና ቤት ሂዱና ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ጠይቁ፤ በሻይ ዋጋ ይሰጣችኋል። የ1969ኙ ቢጫ ሳንቲም የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ነጩ የመዳብና የኒኬል። ማግኔት አይስባቸውም። ከዚያ በኋላ ከተቀረጹት መካከል ግን ውስጣቸው ብረት ሆኖ በላያቸው የተለበጡ አሉ፤ እነዚህ ልጥፍ ብለው ይጣበቃሉ። መልካቸው አንድ ነው፣ ቀለማቸውም ይቀራረባል፤ ሆዳቸው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ሳንቲም ሁለት ቦታ ያዙ፦ የሚሳብና የማይሳብ። ልጆች ይህን ክፍል ይወዱታል፤ የእህቴ ልጅ በአንድ ከሰዓት መቶ ሃያ የሚሆን አስር ሳንቲም ለየልኝ፣ ክፍያው አንድ ብስኩት ነበር።

ዓይናችሁ ከለመደ በኋላ ደግሞ የአንበሳውን አገጭ እዩ። የ1969 ሳንቲሞች ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ስለተቀረጹ በጺሙ አወራረድ ላይ ልዩነት አለ፤ በአንዱ ሁለት ረጃጅም የጺም ዘለላዎች ወደ ቀኑ ይዘልቃሉ፣ በሌላው ጺሙ እኩል ነው። በመጀመሪያው ወር ይህን አትነካኩት፤ ራስ ያዞራል።

የት ይገኛል?

ባንክ ብላችሁ ከጀመራችሁ ደህና ነው፤ ግን ወረፋ በበዛበት ሰዓት ገንዘብ ያዧን «ሳንቲም አለሽ?» ብትሏት መልሱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ብር ይዛችሁ ለዝርዝር መቅረብ ይሻላል።

ከባንክ ይልቅ እኔ የማምነው ምጽዋት የሚዞርበትን ቦታ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚመጸውቱ ሰዎች ሳንቲም ዘርዝረው የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ከብሩ ትንሽ ቆርጠው ዝርዝሩን ይሰጣሉ። በወሩ ትላልቅ በዓላት ዋዜማ፣ በተለይ ለግሸን ማርያም መስከረም 21 ሰው በሚንቀሳቀስበት ሰሞን፣ ከያለበት የተሰበሰበ ሳንቲም ብቅ ይላል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለሰደቃ የሚዘረዝሩትም እንዲሁ። ልጁን «አብሽር፣ ሙሉውን ብር እሰጥሃለሁ፣ ብቻ መርጬ ልውሰድ» በሉት። ይስማማል። ዕድሜ ከተጫናቸው ከምጽዋት ጠያቂ እናቶች ስትለዋወጡ ግን ከፊቱ ዋጋ በላይ ስጡ፤ እማማ ከመሬት ተነስተው ቆጥረው ለሰጧችሁ ድካም ነው።

ቀጥሎ የሚዛን ልጆች፣ ሊስትሮዎች፣ ቆሎ ሻጮች። ባለሱቅ ካወቃችሁ ደግሞ የመደርደሪያው ሥር ቆርቆሮ ለብቻው ዓለም ነው። እኔ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ «ጋሼ፣ ያን ጣሳ በክብደቱ ይሽጡልኝ» ብያቸው ሳቁና «ምስማርም አለበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ምስማር ነበረበት። ግን ከምስማሩ መሃል አንድ ሙሉ መልኩ ያልጠፋ የ1969 ሽልንግ ወጣ፤ የአንበሳው ጎፈር ጸጉር በጸጉር ይቆጠራል።

የጎፈሩ ነገር ከተነሳ፣ የሳንቲምን ጤና የምለካው በሱ ነው። የጎፈሩ መስመሮች ሁሉ ቁልጭ ብለው ከታዩ «ደህና»፤ ግማሹ ከለሰለሰ «መካከለኛ»፤ አንበሳው ራሰ በራ ከሆነ «የተበላ»። የውጭ ሰብሳቢዎች እስከ ሰባ የሚደርስ ነጥብ አላቸው፤ እኛ ለመጀመሪያ ሦስቱ ይበቁናል። የተበላውን ቀይራችሁ መካከለኛ፣ መካከለኛውን ቀይራችሁ ደህናውን እያስገባችሁ መሄድ ነው።

አትጠቡ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ።

በጀመርኩ ሰሞን ከአያቴ የመጣ የ1936 አምስት ሳንቲም ነበረኝ። መዳብ ነው፤ ቀለሙ በደንብ እንደተቆላ ቡና፣ ጥቁር ቡኒ። የጃንሆይ ፀጉርና ጺም ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። «ላብራው» ብዬ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ አመድ ነሰነስኩ፣ በጨርቅ አሸሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቡኒው ለቀቀና ከሥሩ ገና እንደተወለደ አይጥ ያለ ሮዝ ወጣ፤ በጎን ብርሃን ሳየው ፊቱ ላይ የአመዱ ጭረት እንደ ድር ተዘርግቷል። አያቴ አይታው «ምነው፣ ታሞ ነው?» አለችኝ።

ያ ቡኒ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። መዳቡ በዓመታት ከአየር ጋር ተዋህዶ ያበጀው ልብስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን የሚጠብቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ ኦሞ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ብሩሽ፣ ሁሉም ክልክል። ጭቃ ወይም ላብ ካለበት ብቻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ካልለቀቀ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ከዚያ በሌላ ንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ በጥጥ ጨርቅ ተጫኑት። አትሹት፣ ተጫኑት። ስትይዙትም ሁልጊዜ በጠርዙ፤ የእንጀራ ቅባት ያለበት አውራ ጣት በመዳብ ላይ አሻራውን ለዘለዓለም ይተዋል።

ማስቀመጫ

ደሴ ደጋ ናት፤ ክረምቱ ጉምና እርጥበት ነው። እዚህ ሳንቲም የሚያበላሸው ሌባ ሳይሆን እርጥበት ነው። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ያላችሁ ሙቀትና አቧራ ነው የምትዋጉት።

ገበያ ላይ ያለውን ለስላሳ፣ የሚሸት ፕላስቲክ ኪስ ተጠንቀቁት። አንዳንዱ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ይፈርስና በሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል፤ ያ ደግሞ ብረቱን ይበላል። ላስቲክ ማሰሪያም አትጠቀሙ፤ ድኝ ስላለበት ብርን ያጠቁራል። ቀላሉና አስተማማኙ ዘዴ ነጭ ወረቀት ነው፦ አንድ የደብተር ገጽ ለአራት ቆርጣችሁ ትናንሽ ፖስታ እጠፉ፣ በውጭው ላይ ጻፉ፣ ሳንቲሙን ከመክተታችሁ በፊት። ከከተታችሁ በኋላ ከጻፋችሁ እስክሪብቶው ሳንቲሙ ላይ ይጫናል። ፖስታዎቹን በጫማ ካርቶን ውስጥ ደርድሩ፤ በአዲስ ጫማ ውስጥ የምትገኘውን «አትብሉ» የምትል የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሉ፣ ሁለት ሦስቱን እዚያው ጨምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀይሩ። ካርቶኑን ከወለል ከፍ አድርጉ።

ደብተር

አጭር ነው፣ ግን ያለዚህ ያላችሁ ስብስብ ሳይሆን ጣሳ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር፦ ተራ ቁጥር፣ ዓይነት፣ ዓመት፣ ማግኔት ይስበዋል ወይስ አይስበውም፣ ጤናው፣ ከማን ወይም ከየት፣ መቼ። ከእኔ ደብተር አንዱን ልቅዳላችሁ፦ «ቁ. 31። ስሙኒ። ፲፱፻፷፱። አይሳብም። መካከለኛ። ከሐይቅ ወደ ደሴ፣ ሚኒባስ፣ ረዳቱ ለቀልድ የሰጠኝ።» እንግዲህ ይህችን መስመር ካላየሁ ቁጥር 31ን ከሌሎቹ ስሙኒዎች የምለይበት ምንም የለም።

ከስደት የመጡት

ወሎ ውስጥ ከዓረብ አገር ሰው ያልመጣበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ከሻንጣው ጥግ የቀረውን ሳንቲም ጠይቁ። ባለ ጀበናዋ የኤምሬትስ አንድ ድርሃም ናት፤ ሁለት ሰይፍና ዘንባባ ያለው የሳዑዲ፤ ጀልባ ያለው የኩዌት ነው። ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ሹፌር የምታውቁ ከሆነ ደግሞ የጅቡቲ ፍራንክ አይጠፋም፤ በሃምሳና በመቶው ላይ ግመሎች አሉ። እነዚህን ከኢትዮጵያው ጋር አትቀላቅሉ፣ የራሳቸው ካርቶን ይኑራቸው። የዓረቦቹ ሳንቲሞች ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ይይዛሉ፦ የሂጅራና የፈረንጅ። የዓረብኛ ቁጥር የሚያነብ ካስፈለጋችሁ ሠፈራችሁ ያለው መድረሳ ውስጥ አንድ ተማሪ አይጠፋም።

ወደ ኋላ ስትሄዱ፦ የጃንሆይ ሳንቲም፣ ጠገራ፣ ባቲ

ኪስና ጣሳ ሲያልቅባችሁ ገንዘብ ማውጣት ይመጣል። እዚህ ነው ሰው የሚሞኘው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

የ1936 ሳንቲሞች ለመጀመር ጥሩ ናቸው፤ ከአያቶች ሳጥን በቀላሉ ይገኛሉ። ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ያሉት መዳብ ሲሆኑ ሃምሳ ሳንቲሙ የብር ማዕድን ነው። ቀኑ 1936 ይበል እንጂ ያው ቀን ሳይለወጥ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተቀርጸዋል፤ ስለዚህ «ሁሉም 1936 ነው» ብላችሁ አትደነቁ። የስሙኒው ታሪክ ግን ያስቃል። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ መጠኑ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ተቀራረበና ብልጦች በብር ቀለም እየለበጡ ሃምሳ ነው ብለው ይገበያዩበት ጀመር። መንግሥት ሰበሰበውና ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸነሸነ ሆኖ ተመለሰ። የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ይህ ባለ ሽንሽን ነው። ጠርዙ ክብ የሆነ የ1936 መዳብ ስሙኒ ካጋጠማችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጠይቁ። ጠርዙን ሞርዶ ክብ ያስመሰለ ሰው ሊኖር ስለሚችል ግን ከባለ ሽንሽኑ ጋር አነጻጽሩት፤ የተሞረደው ይጠብባል።

ከዚያ በፊት ያለው የ1923ቱ ነው፤ አምስቱና አንዱ መዳብ፣ ከአስር ጀምሮ ኒኬል። ኒኬል ከመዳብ ጋር ሳይቀላቀል ብቻውን ሲሆን በማግኔት ይሳባል። ስለዚህ «ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው» የሚለውን ሕግ በሁሉም ላይ አትጠቀሙበት።

ጠገራ ብር ለመፈለግ ወሎ ውስጥ እንደ ባቲ ሰኞ ገበያ የለም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በሚገናኝበት በዚያ ገበያ ጌጣጌጥ ሻጮቹ ዘንድ ጠገራው፣ ማለትም የኦስትሪያዋ እቴጌ የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ከአንገት ጌጥ ጋር ተሰክቶ ይገኛል። ሁሉም 1780 ይላል፤ ይህ የፈረንጅ ዓመት ነው፣ እቴጌዋ የሞተችበት። ከዚያ ወዲህ ያ ቀን ሳይቀየር በብዙ አገር ሲመታ ኖሯል፤ ጣልያን እንኳ እኛን ለመውረር ስትዘጋጅ ሮማ ላይ አስመትታዋለች። ስለዚህ «የ1780 ነው፣ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል» የሚላችሁ ሻጭ ቀኑን እንጂ ብሩን አላነበበም።

ልትገዙ ከሆነ ይህን አድርጉ። ማግኔት አስጠጉበት፤ መሳብ የለበትም። በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝኑ፤ 28 ግራም አካባቢ ካልሆነ ተዉት፣ በእጅ ለእጅ ከተበላ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል እንጂ አራት አምስት ግራም አይጎድልም። ጠርዙን ዙሪያውን ተመልከቱ፤ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት የሆነ ጽሑፍ ከጌጦች ጋር ጎልቶ መውጣት አለበት፤ በሻጋታ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ለስላሳ ነው ወይም የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ቀለበት የተበየደበት ወይም የተበሳ ከሆነ ለጌጥ ያምራል፣ ለሰብሳቢ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ በዚያ ተከራከሩ።

ከመሬት የተገኘ፣ ከእርሻ ወይም ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ ጥንታዊ ሳንቲም፣ በተለይ የአክሱም ዘመን ትናንሽ የወርቅና የነሐስ ሳንቲሞች፣ የሚሰበሰብ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። ከገዳም ወይም ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ነው የሚል ሰው ከመጣም አትንኩት፤ ከየት እንደወጣ መጠየቁ ለእናንተም ጣጣ ነው።

ባቲ ላይ ሻጩ ሻይ ይጋብዛችኋል፣ እናንተም እሺ በሉ። ዋጋውን ይናገራል፣ ግማሹን ትናገራላችሁ፣ ይስቃል፣ ትስቃላችሁ። «ወርቅ ቤት እናስመዝነው» ስትሉት «ይህማ ሚዛን አያሻውም፣ ወላሂ» ካላችሁ ግን ሻያችሁን ጨርሳችሁ፣ አመስግናችሁ፣ ተነሱ።